ከዳኛው ጎን መሥራት፦ ለለገጣፎዋ የሕግ ምሩቅ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በሕግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውን አልፌያለሁ። የምኖረው ለገጣፎ ከእናቴ ጋር ነው። አሜሪካ ውስጥ ጎበዝ የሕግ ምሩቃን ለዳኛ ረዳት ሆነው አንድ ሁለት ዓመት እንደሚሠሩና ከዚያ ትልቅ ቦታ እንደሚደርሱ አነበብኩ። እኛ አገር እንዲህ ያለ መንገድ አለ? ካለስ የት ያደርሳል? አጎቴ ደግሞ ‹ፍርድ ቤት ምን ይሠራልሻል፣ ባንክ ተወዳደሪ› ይለኛል። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። በዕድሜ ስለምበልጥሽ አንቺ እያልኩ ልቀጥል። እኔም ረዳት ዳኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ጠበቃ ነኝ። ቢሮዬ አያት፣ ከባቡሩ መነሻ ብዙም ሳይርቅ ነው። ጎረቤት ነን ማለት ነው።

መንገዱ አለ። ግን ባነበብሽው መልክ አይደለም። ልዩነቱን ሳታውቂ ከገባሽ ደግሞ በሦስተኛው ዓመት «ምን ሆኜ ነው እዚህ የቀረሁት?» ማለትሽ አይቀርም። እኔ ብያለሁ።

አሜሪካኖቹን ቶሎ ልጨርስ። እ.ኤ.አ. በ1882 ሆራስ ግሬይ የሚባሉ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ከሃርቫርድ የወጣ ምሩቅ ረዳት ቀጠሩ። ደመወዙን የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነበር። ዛሬ ዘጠኙ ዳኞች እያንዳንዳቸው አራት አራት ረዳት ይይዛሉ። ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ይሠራና ይሄዳል። ጆን ሮበርትስ በወጣትነታቸው የዊልያም ሬንኩዊስት ረዳት ነበሩ። ሬንኩዊስት ራሳቸው ደግሞ ቀደም ሲል የሮበርት ጃክሰን ረዳት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሮበርትስ የቀድሞ አለቃቸውን የዋና ዳኝነት ወንበር ወረሱ። ኬታንጂ ብራውን ጃክሰንም እንደዚሁ የስቲቨን ብሬየር ረዳት ነበሩ፣ በኋላ በእሳቸው ቦታ ተተኩ። ትልልቆቹ የጥብቅና ድርጅቶች ከዚያ ፍርድ ቤት የወጣን ረዳት ለማስፈረም ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላሉ። ፍርድ ቤቱም የዋዛ አይደለም። የወጣው ረዳት እዚያው ለሁለት ዓመት እንዳይሟገት በደንቡ ይከለክላል።

አየሽ፣ የእነሱ ረዳትነት ሲጀመር መጨረሻው ይታወቃል። ገብተሽ፣ ተምረሽ፣ ስም ይዘሽ ትወጫለሽ።

እኛ ጋ ረዳት ዳኛ የፍርድ ቤቱ ተቀጣሪ ነው። ማንም መጥቶ «ጊዜሽ አለቀ» አይልሽም። ደግ ይመስላል አይደል? ክፋቱ ግን እዚያው ውስጥ አለ። መውጫውን ራስሽ ካልቆረጥሽ የሚቆርጥልሽ የለም። ረዳት ዳኛነት ዳኛ ለመሆን ያግዛል እንጂ በራሱ ዳኛ አያደርግም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ዳኞችን የሚሾመው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ዕጩዎቹን የሚያቀርበው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው። በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል አልፎ ምክር ቤት ይደርሳል። ዕጩ ሲፈለግ ትወዳደሪያለሽ፣ ካልተፈለገ ትጠብቂያለሽ። ስንት ጎበዝ ልጅ እየጠበቀ ጸጉሩ እንደሸበተ አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ ሥራው። ረዳት ዳኛ መዝገብ ያጠናል። የግራ ቀኙን ክርክር አጥርቶ ለዳኛው ሐተታ ያዘጋጃል። ሕግ ይፈልጋል። የትእዛዝ፣ የብይን፣ አንዳንዴም የፍርድ ረቂቅ ይጽፋል። በወረቀት ሲታይ ደረቅ ነው። አንድ ገጠመኝ ልንገርሽና ይግባሽ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ዳኛ የብድር መዝገብ ሰጡኝ። ሴትዮዋ በችሎት ብዙ ዘመን የቆዩ ናቸው። ከሳሽ ገንዘብ አበድሬ አልተመለሰልኝም ይላሉ። ተከሳሹ በመልሳቸው «ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ አይደለም» ብለዋል። ሌላ ነገር አላሉም። እኔ ቀኑን ቆጠርኩ። መክፈያው ካለፈ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደስ አለኝ! የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1845፣ አሥር ዓመት፣ ይርጋ፦ የመክሰሻው ጊዜ አልፏል። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። ክሱ በይርጋ ስለታገደ ውድቅ ይደረግ ብዬ ደመደምኩ።

ዳኛዋ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቶ በእጃቸው ነው፣ ግን ምንም አልጻፉበትም። ቀና ብለው «ተከሳሹ ይርጋ አንስተዋል?» አሉኝ።

«አላነሱም።»

«ታዲያ አንተ የማን ጠበቃ ነህ?»

ከዚያ ሕጉን ገልጠው ቁጥር 1856 ንዑስ ቁጥር 2ን በጣታቸው አሳዩኝ። ይርጋን ፍርድ ቤት በራሱ አነሳሽነት ማንሳት አይችልም። ተከራካሪው ካላነሳው ቀርቷል። አንቀጹን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። መዝገብ ይዤ ስቀመጥ ግን ከጭንቅላቴ ጠፋ። አራቱ ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቀይ ሰረዙበትና ግርጌው ላይ ፍርድ የሚያስፈልገውን ነጥብ በአንድ መስመር ጻፉ፦ «ጭብጡ፦ ተከሳሹ በውሉ ላይ ፈርሟል ወይስ አልፈረመም?» ቀሪው ሥራ ፊርማው እንዲመረመር ማዘዝና ማስረጃ መስማት ነበር። ሐተታው እንደገና ሲጻፍ ገጽ ተኩል አልሞላም።

እህቴ፣ ረዳት ዳኛነት የሚያስገኘው ይህንን ነው። ቀይ እስክሪብቶውን። ከመቶ ገጽ መዝገብ ውስጥ ጭብጧን ነቅሶ ማውጣት ከመጽሐፍ አይገኝም። አጠገብሽ ተቀምጦ «ይኼ ምን ይሠራል እዚህ?» የሚልሽ ሰው ያስፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 182 ፍርድ የሚወሰነውን ነጥብ፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት መያዝ አለበት ይላል። ሦስት ነገር ብቻ። ስትጽፊው ግን ሦስተኛው ይጠፋብሻል። ብዙ ረቂቅ አይቻለሁ፤ የክርክሩ ታሪክ ስምንት ገጽ፣ ምክንያቱ ሁለት መስመር፣ ከዚያ «መዝገቡ ተዘግቷል፣ ወደ መዝገብ ቤት ይመለስ»።

ሌላው ጣጣ ቋንቋ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ የተማርሽው በእንግሊዝኛ ነው። ችሎት ስትገቢ ሁሉም ነገር አማርኛ ነው። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጡት ሕጎችም አማርኛው የበላይ ነው። አዲስ ምሩቅ «መቃወሚያ»ን ከ«ተቃውሞ»፣ «ብይን»ን ከ«ፍርድ» እያምታታ ሲጽፍ ዳኞቹ በደግነት ያልፉታል ብለሽ እንዳታስቢ። በእኛ ጊዜ አንዱ ባልደረባችን የሚያስበው በእንግሊዝኛ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ግማሽ ገጽ ይሄዳል፣ ግሡን ፍለጋ መብራት ይዘሽ መውጣት አለብሽ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ግን እስኪስተካከል ዓመት ፈጀበት።

ስለዚህ «የትኛው ፍርድ ቤት ክብር አለው?» ከማለትሽ በፊት «ረቂቄን የሚያርምልኝ ማን ነው?» በይ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በተለይ ሰበር፣ ማለትም በመጨረሻ ውሳኔ ላይ ያለ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ችሎት፣ ስሙ ትልቅ ነው። ትልቅም መሆን አለበት። ከ1997 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 454፣ ሰበር ሰሚ ችሎት አምስት ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በየትኛውም ደረጃ ያለ ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ሆኗል። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234ም ይህንኑ አስቀጥሏል። እዚያ የሚሠራ ሰው የሚያነበው ሁሉ «መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይስ የለም?» በሚለው ዙሪያ ነው። ለአእምሮ ግሩም ስፖርት ነው። ግን ምስክር ሲዋሽ አታዪም። ተከሳሽ ሲያለቅስ አታዪም። ሁሉም ነገር የሚደርስሽ ወረቀት ሆኖ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተቃራኒው ነው። ጩኸት ነው፣ ቀጠሮ ነው፣ መጥሪያ አልደረሰኝም ነው። ዳኛው ፋታ የለውም፣ ረቂቅሽን የሚያርምበት ጊዜም ላይኖረው ይችላል። ግን ክርክር ከሥሩ እንዴት እንደሚበላሽ የምታዪው እዚያ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ መጀመሪያ ከታች፣ ቀጥሎ ከላይ እላለሁ። የታችኛውን ሳያዩ ሰበር የገቡ ልጆች መዝገብ ሲያነቡ የሆነ ነገር ይጎድላቸዋል። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ።

ምድቡን የምትመርጪው አንቺ ላትሆኚ ትችያለሽ። ቢሆንም ጠይቂ። የጠየቀ ሰው አንዳንዴ ያገኛል።

የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶችንም አትርሺ። ብዙ ምሩቅ ይንቃቸዋል። የተቋቋሙት በ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር፣ በአዋጅ ቁጥር 361 ነው። የወራሽነት ማረጋገጫ የሚጠየቀው እዚያ ነው። ስለ ውርስ ተግባሩን ማወቅ የፈለገ ሰው እዚያ ስድስት ወር ይቀመጥ። በጥብቅና ኑሮዬ ከሰበር ይልቅ ውርስ ነው ያበላኝ። ይህንንም ለአጎትሽ ንገሪልኝ።

አሁን የሠፈራችን ጉዳይ። ለገጣፎ ሸገር ከተማ ውስጥ ናት። ከአንቺ ቤት አያት በታክሲ ቅርብ ነው። ያቺን ወሰን ስታልፊ ግን ፍርድ ቤቱ ይቀየራል፣ የችሎቱም ቋንቋ ይቀየራል። ያንቺ ጎረቤት በአጥር ቢጣላ ጉዳዩ የሚታየው በኦሮሚያ ፍርድ ቤት፣ በአፋን ኦሮሞ ነው። እኔ ያለሁበት ደግሞ በአማርኛ። አንድ ደንበኛዬ አያት ተቀምጦ ለገጣፎ ቦታ ገዝቶ ነበር። ክርክር ሲነሳ የያዘውን ሰነድ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት ሊሮጥ ሲል ነው ያስቆምኩት። ለእሱ ሁሉም «አዲስ አበባ» ነው።

አፋን ኦሮሞ ታውቂ እንደሆነ አልነገርሽኝም። ካወቅሽ፣ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍ ካወቅሽ፣ በዚህ የከተማ ዳርቻ ከአንቺ የተሻለ ዕድል ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የተነሳ ጉዳይ ፌዴራል ሰበር ድረስ ሊመጣ ይችላል። ዋናውን መዝገብ ሳይተረጎም አንብቦ የሚረዳ ሰው ወርቅ ነው። የክልሉ ፍርድ ቤቶችም ለቤትሽ ይቀርባሉ። እኔ አያት እስክደርስ ብቻ ሁለት ታክሲ የምቀይርበት ዘመን ነበር። ከ2008 ወዲህ ቀላል ባቡሩ ከአያት ተነስቶ በልደታ በኩል ጦር ኃይሎች ይሄዳል። ከመጣልሽና ከተሳፈርሽ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ ሌላ ታክሲ የለብሽም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ችሎት ካለ ግን አሥራ ሁለት ሰዓት ከቤት ውጪ። ይህንን ለእናትሽም አስረጂያት፣ ቁርስ ሳትበይ ስትወጪ ሆዷ እንዳይባባ።

የት ያደርሳል ላልሽው፣ ከማውቃቸው ሰዎች ተነስቼ ልንገርሽ። ዳኛ የሆኑ አሉ። ጠበቃ የሆንነው እንበዛለን። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋም ስለፈቀደ ድሮ እያንዳንዱ ለብቻው በአንድ ክፍል ይሠራ የነበረው ሥራ አሁን በቡድን ሆኗል። እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ከሁሉ በላይ የሚፈልጉት መጻፍ የሚችል ሰው ነው። የጥብቅና ፈቃድ የሥራ ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ስለዚህ የፍርድ ቤት ዓመቶችሽን በደብዳቤ አስመዝግቢ። በዚያው በ2013 የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ፣ ቁጥር 1237 ወጥቷል። የግልግል ጉባኤ ጸሐፊ ሆኖ መሥራት ለቀድሞ ረዳት ዳኛ የተሰፋ ልብስ ነው። ዐቃቤ ሕግ የሆኑ አሉ። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥር ባለው የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት የገባች አንዲት ጓደኛ አለችኝ፣ ከሁላችን የበለጠ ችሎት የቆመችው እሷ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብተው የሚያስተምሩም አሉ።

አንድ ነገር አደራ። ከወጣሽ በኋላ አብረሽው በሠራሽው ዳኛ ፊት ለመቆም አትቸኩዪ። «እሷ እኮ የውስጥ ሰው ናት» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ አይጠፋም፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። መልሺው። የሰማሽውን የዳኞች ምክክርም ለባልሽም ቢሆን አትንገሪ።

አጎትሽ ጠላትሽ አይደለም። ባንክ ነገረ ፈጅ መሆን ጥሩ ሥራ ነው፣ ደመወዙም ከፍርድ ቤት ይሻላል። ቤት ኪራይ ከከፈልሽ ወይም ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን የምትማሪው ሌላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 እና በማሻሻያው 216/1992 ምክንያት ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ስለዚህ ውልና ሐራጅ በደንብ ታውቂያለሽ፣ ጭብጥ መያዝ ግን አትለምጂም። ከፍርድ ቤት ወደ ባንክ የሄደ ብዙ ሰው አውቃለሁ። ከባንክ ወደ ፍርድ ቤት የመጣ አንድም አላየሁም፤ ደመወዝ ከለመዱ በኋላ መቀነስ ይከብዳላ።

ውጭ አገርም ማሰብሽ አይቀርም። የአሜሪካው የፌዴራል ረዳትነት ለእኛ ዓይነቱ ሰው ጠባብ በር ነው፣ የዜግነት ገደብም አለበት። የተሻለው ሔግ ነው። የዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት በየዓመቱ ወጣት ምሩቃንን ከመስከረም አካባቢ ጀምሮ ለአሥር ወር ያህል ከዳኞቹ ጋር ያሠራል። የሚያመለክተው ግን ዩኒቨርሲቲሽ ነው፣ አንቺ በግልሽ አይደለሽም። ድሮ ወጪውንም ዩኒቨርሲቲው ስለሚችል ለእኛ የማይታሰብ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከታዳጊ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ምሩቃን የሚውል ፈንድ እንዲቋቋም ወስኗል። ዲንሽ ይህን ላያውቅ ይችላል፣ ሄደሽ ንገሪው። የደቡብ አፍሪካው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም ጆሃንስበርግ ላይ የውጭ ረዳቶችን ይቀበላል፣ ግን ደመወዝ አይከፍልም። ስፖንሰር ሳትይዢ አትሞክሪው።

በእኔ ምክር፣ ረዳት ዳኛነቱ ላይ ተወዳደሪ። ከገባሽ ሦስት ዓመት ስጪው። የመጀመሪያውን ቀን ደብተርሽ የመጨረሻ ገጽ ላይ የምትወጪበትን ወርና ዓመት ጻፊ። ዳኝነት ከመጣ መልካም፣ ካልመጣ በዚያ ቀን ተነሺ። ማስታወቂያ እስኪወጣ ባንክ ብትሠሪ ኃጢአት የለበትም።

እስከዚያ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ። ችሎት ክፍት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ልደታ ሄደሽ ከኋላ ተቀመጪ። ስልክሽን አጥፊ፣ አስተናባሪዎቹ አይወዱም። ክርክር ሰምተሽ ስትመለሺ ባቡር ውስጥ ጭብጡን በአንድ መስመር ጻፊ። ማታ ማታ ደግሞ ከሰበር ቅጾች አንድ ውሳኔ አንሺ። ፍርዱን ሳታነቢ እስከ ክርክሩ ድረስ ብቻ አንብቢና መጽሐፉን ክደኚ። ምክንያቱን አንቺ ጻፊው። ከዚያ ገልጠሽ አስተያዪ። መጀመሪያ መጀመሪያ ታፍሪያለሽ። ሃያ ያህል ከጻፍሽ በኋላ አንዳንዴ ያንቺው ይሻልሻል፣ አትገረሚ።

ከሠራሻቸው ውስጥ ሦስቱን፣ እያንዳንዱን ከሁለት ገጽ ሳይበልጥ፣ ይዘሽ አያት ብቅ በይ። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ቢሮ ነኝ። ቀይ እስክሪብቶ አላጣም።